በደረቀ ልጣጭ ላይ የቀረ ታሪክ፦ የብርቱካን ጥቁር ነጠብጣብ ፈንገስና የሄርባሪየም መዛግብቱ

ሄርባሪየም ዕፅዋት ተጭነውና ደርቀው፣ ከየት፣ መቼና በማን እንደተሰበሰቡ ከሚናገር መግለጫ ጋር ለትውልድ የሚቀመጡበት ቤተ ስብስብ ነው። በዚህ ቤት ከአበባውና ከቅጠሉ ጎን ፈንገሶችም ስፍራ አላቸው፤ ሆኖም ተክል የሚያሳምሙ ፈንገሶች አብዛኞቹ በዓይን ተለይተው የማይታዩ ደቂቅ ፍጥረታት ስለሆኑ፣ የሚቀመጡት የታመመው የተክል ክፍል ራሱ ደርቆ በታጠፈ ወረቀት ውስጥ በመታሸግ ነው። አንድ ባለሙያ ነጠብጣብ ያየበትን የብርቱካን ልጣጭ ቆርጦና አድርቆ ሲያስቀምጥ፣ ተክሉን፣ በሽታውን፣ ቦታውንና ዘመኑን በአንድ ጥቅል አስሮ ለማያውቀው መጪ ተመራማሪ ያስረክባል። የብርቱካን ጥቁር ነጠብጣብ የተባለው በሽታ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንስቶ ያለው ታሪክ የዚህን ርክክብ ዋጋ አጉልቶ ያሳያል፤ የፈንገሱ ስም በየጊዜው ተለውጧል፣ የሥርጭቱ ካርታም ታርሟል፣ እርማቱ የተቻለውም ቀደምቶቹ ያዩትን ከመጻፍ አልፈው ያዩትን ነገር ራሱን ስላስቀመጡ ነው። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው የሚያጠቃው ብርቱካንን፣ ሎሚን፣ መንደሪንንና የመሳሰሉትን በሳይንሱ ሲትረስ በሚል የወል ስም የሚጠሩትን ፍሬዎች ሲሆን፣ ጉዳቱ የሚታየው በዋናነት በልጣጩ ላይ ነው። ፍሬው ሲበስል በልጣጩ ላይ ጥቃቅን ክብ ጠባሳዎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ጠባሳ መሐሉ ጎድጎድ ያለና ግራጫ፣ ጠርዙ ጥቁር ቡናማ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በዙሪያው አረንጓዴ ቀለበት ይቀራል፣ በመሐሉ ላይም እንደ መርፌ ጫፍ ያነሱ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። እነዚህ ነጥቦች ፈንገሱ ስፖሮቹን፣ ማለትም እንደ ዘር የሚያገለግሉትን ደቂቅ ሕዋሶች፣ የሚያመርትባቸው ከረጢቶች ናቸው። የፍሬው ውስጥ እንደ ወትሮው ይበላል፤ ነገር ግን መልኩ የተበላሸ ፍሬ ለገበያ አይመረጥም፣ በጽኑ የታመመ ዛፍም ፍሬውን ያለጊዜው ያረግፋል። ፈንገሱ ወደ ፍሬው የሚገባው አበባው ከረገፈ በኋላ ባሉት አራትና አምስት ወራት ውስጥ ሆኖ ሳለ ምልክቱ የሚወጣው ከብዙ ወራት በኋላ መሆኑ ደግሞ ለታሪኩ ውስብስብነት አንዱ ምክንያት ሆኗል፤ ጤነኛ መስሎ የተጓዘ ችግኝ ወይም ፍሬ በሽታውን ይዞ ሊሄድ ይችላልና።

ብርቱካን፣ ሎሚና ላይም የሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ አውስትራሊያ የደረሱት በ1788 የመጀመሪያው የእንግሊዝ መርከቦች ቡድን በጉዞው ላይ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ በጫናቸው ተክሎችና ዘሮች አማካይነት ሲሆን፣ በሲድኒ ዙሪያ ያለው እርጥብና ሞቃት የባሕር ዳርቻ በቀጣዩ መቶ ዓመት በብርቱካን እርሻ ተሸፈነ። በ1895 የኒው ሳውዝ ዌልስ የፍራፍሬ ባለሙያ የነበረው ቤንሰን በግዛቲቱ የግብርና መጽሔት ላይ ስለ ብርቱካን ጥቁር ነጠብጣብ የጻፈው ዘገባ በሽታውን በጽሑፍ ያስተዋወቀ የመጀመሪያው ሰነድ ሆነ። ዘገባው ለገበሬው ምልክቱን የሚያስረዳ ነበር፤ የበሽታውን አምጪ በሳይንሳዊ ስም የመሰየሙ ሥራ ግን ለሌላ ሰው ቀረ።

ይህ ሰው በስኮትላንድ ተወልዶ በ1884 ሜልቦርን የገባው ዳንኤል ማክአልፓይን ነበር። የቪክቶሪያ ግዛት የግብርና መሥሪያ ቤት በ1890 የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ አድርጎ ሲቀጥረው፣ ገበሬዎችና ተቆጣጣሪዎች ከየአካባቢው የሚልኩለትን የታመመ ቅጠል፣ ግንድና ፍሬ በማጉያ መነጽር እየመረመረ፣ ከምርመራው በኋላም ናሙናውን እያስቀመጠ ሥራውን ጀመረ። ዛሬ በቪክቶሪያ የሚገኘው የዕፅዋት በሽታዎች ሄርባሪየም መሠረቱ እርሱ የሰበሰባቸው ናሙናዎች ናቸው። ማክአልፓይን በ1899 በአውስትራሊያ የሲትረስ ዛፎች ላይ ስለሚደርሱ የፈንገስ በሽታዎችና ስለ ሕክምናቸው ባሳተመው መጽሐፍ የጥቁር ነጠብጣቡን አምጪ ፎማ ሲትሪካርፓ ብሎ ሰየመው፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍል የሲትረስን ፍሬ የሚያመለክት ነው። በሥነ ሕይወት አሰያየም ሥርዓት አንድ ስም የሚጸናው ከአንድ ተጨባጭ ናሙና ጋር ሲታሰር ሲሆን፣ ይህ ናሙና የስሙ መሠረት፣ በሙያው አጠራር ታይፕ፣ ይባላል። ስለዚህ ማክአልፓይን ስሙን ሲያወጣ፣ ከእርሱ በኋላ ስለዚህ ፈንገስ የሚነሣ ክርክር ሁሉ በመጨረሻ ተመልሶ የሚዳኝበትን ዕቃ ጭምር ትቶ ሄደ ማለት ነው።

የእንዲህ ያለ ናሙና አያያዝ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄን ይጠይቃል። ልጣጩ ሻጋታ ሳይይዘው በጋዜጣ ወይም በመምጠጫ ወረቀት መካከል ተጭኖ ይደርቃል፤ ከዚያም እንደ ፖስታ በታጠፈ ወረቀት ይታሸግና በፖስታው ፊት ላይ የፈንገሱ ስም፣ የተገኘበት ተክል፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና የመዝገብ ቁጥሩ ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ተመራማሪ ናሙናውን መርምሮ በስሙ ካልተስማማ የቀድሞውን ጽሑፍ አይሰርዝም፤ አዲሱን ስም፣ የራሱን ስምና ዓመቱን የያዘች ትንሽ ወረቀት ከጎኑ ያክላል። በዚህ ልማድ ምክንያት አንድ ፖስታ ሦስትና አራት ትውልድ የተወያየበት ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳተውም የታረመውም አብሮ ይነበባልና።

በሽታው ከአውስትራሊያ ውጭ መኖሩ በሳይንስ ጽሑፍ ጎልቶ የወጣው በደቡብ አፍሪካ ነው። በዚያ አገር ብሔራዊው የፈንገስ ስብስብ በ1905 በፕሪቶሪያ በፖል ኢቫንስ የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1908 ረዳት ሆና የገባችው ኤቴል ዶይጅ ለስብስቡ ማደግ ዕድሜዋን ሰጠች። ዶይጅ በደቡብ አፍሪካ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ በ1929 ስለ አገሪቱ የሲትረስ በሽታዎች ባሳተመችው ጥናት ጥቁር ነጠብጣብ በናታል ግዛት በፒተርማሪትዝበርግ አካባቢ መኖሩን መዘገበች። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ችግኝ ከቦታ ቦታ ሲጓዝ በሽታውም አብሮ ተጓዘና ሞቃትና በበጋ ዝናብ የሚያገኙትን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ የብርቱካን አካባቢዎች ያዘ፤ በክረምት ዝናብ የሚያገኘው የኬፕ ምዕራባዊ ክፍል ግን ሳይደርስበት ቀረ። ዶይጅ በ1950 የታተመውንና እስከ 1945 መጨረሻ ድረስ በደቡብ አፍሪካ የታወቁትን ፈንገሶችና ሊቸኖች የዘረዘረውን ታላቅ ሥራዋን ስታዘጋጅ፣ የተሰበሰበውን ናሙና ከታተመው ጽሑፍ ጋር አንድ በአንድ እያመሳከረች ነበር፤ በዚህም የአንድ አገር የፈንገስ መዝገብ በምን ላይ መቆም እንዳለበት አሳየች።

የደረቁ ናሙናዎች ኃይል ከተሰበሰቡበት ዓላማ በላይ እንደሚሄድ ያሳየው ግን በ1933 የታተመ፣ ስለ ሌላ የሲትረስ በሽታ የተደረገ ጥናት ነው። ፎሴትና ጄንኪንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ካንከር የሚባለውን፣ በባክቴሪያ የሚመጣ የሲትረስ በሽታ መነሻ ለማወቅ ሲሉ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሄርባሪየሞች ያሉትን ጥንታዊ የሲትረስ ቅጠሎች መረመሩ። በለንደን አጠገብ ባለው የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል ከ1827 እስከ 1831 ባለው ጊዜ ከህንድ በተሰበሰበ የትርንጎ ናሙና ላይ፣ እንዲሁም ከ1842 እስከ 1844 ከጃቫ በመጣ ናሙና ላይ የካንከርን ቁስል አገኙ። ሰብሳቢዎቹ ተክሉን ለማወቅ እንጂ በሽታውን ለመመዝገብ አላሰቡም፤ ባክቴሪያ በተክል ላይ በሽታ እንደሚያመጣም በዚያ ዘመን የታወቀ ነገር አልነበረም። ሆኖም ቅጠሉ ከነቁስሉ ስለተቀመጠ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በሽታው ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው ስፍራ ይልቅ ወደ ህንድና ጃቫ የሚያመለክት ምስክር ሆነ።

ወደ ጥቁር ነጠብጣቡ ስንመለስ፣ እስከ 1940ዎቹ ድረስ አንድ ጥያቄ አልተፈታም ነበር። ማክአልፓይን ያያቸው በልጣጩ ላይ ያሉ ስፖሮች በውኃ ጠብታ እየተንጠባጠቡ ወደ ታች የሚወርዱና ሩቅ የማይሄዱ ሲሆኑ፣ በሽታው ግን በእርሻ ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ በሰፊው ይዛመት ነበር። አውስትራሊያዊው ካይሊ በ1948 ምላሹን አገኘ፤ ከዛፍ ሥር በረገፉና በመበስበስ ላይ ባሉ ቅጠሎች ውስጥ ፈንገሱ በሌላ መልክ፣ በሩካቤያዊ መራቢያ ደረጃው፣ እንደሚኖርና ከዚያም በነፋስ የሚበሩ ስፖሮችን ወደ ላይ እንደሚያስፈነጥር አረጋገጠ። እነዚህ ስፖሮች ቅጠሉ ከረገፈ ከ40 እስከ 180 ቀን ባለው ጊዜ ይበስላሉ፤ ቅጠሉ እየራሰና እየደረቀ ሲፈራረቅም ይለቀቃሉ። ካይሊ ይህን ደረጃ ጊኛርዲያ ሲትሪካርፓ ብሎ ሰየመው። በዚያን ጊዜ የነበረው የአሰያየም ሕግ አንድ ፈንገስ በሁለት የመራቢያ ደረጃዎቹ ሁለት ስም እንዲኖረው ይፈቅድ ስለነበር፣ በልጣጭ ላይ የተሰበሰበው ናሙና በአንድ ስም፣ በረገፈ ቅጠል ላይ የተሰበሰበው ደግሞ በሌላ ስም ይመዘገብ ጀመር፤ በመሳቢያውም ውስጥ አንድ ፍጡር በሁለት ቦታ ተከፈለ።

በዚያው ዘመን በአፍሪካ ሌላ የሲትረስ ፈንገስ ስም አገኘ። በአንጎላና በሞዛምቢክ ቅጠልና ፍሬ ላይ ነጠብጣብ የሚያመጣው ይህ ፈንገስ በ1953 ሰርኮስፖራ አንጎሌንሲስ ተብሎ የተሰየመ ሲሆን፣ በ1986 ወደ ፌዮራሙላሪያ፣ በ2003 ደግሞ ወደ ሱዶሰርኮስፖራ ወገን ተዛውሯል፤ በሽታውም በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮችና በየመን መኖሩ ታውቋል። የሁለቱ ፈንገሶች ታሪክ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ስሙ በተለወጠ ቁጥር የቀድሞዎቹን መዝገቦች ከአዲሱ ስም ጋር ማገናኘት የሚቻለው የስሙ መሠረት የሆነው ናሙና ሲኖር ብቻ መሆኑ ነው።

የጥቁር ነጠብጣቡን መዝገብ ከሥሩ ያናጋው ግኝት የመጣው በ1964 ነው። በደቡብ አፍሪካ ይሠራ የነበረው ማኮኒ ከጤነኛ የሲትረስ ቅጠሎች ፈንገስ እየለየ ሲያሳድግ፣ በሽታው ፈጽሞ ታይቶ በማይታወቅባቸው አካባቢዎችም ጊኛርዲያን የሚመስል ፈንገስ አገኘ፤ ይኸው ፈንገስ ከሲትረስ ጋር ዝምድና በሌላቸው ሌሎች ተክሎችም ውስጥ ይኖር ነበር፤ በፍሬ ላይ ግን በሽታ አላመጣም። ይህ ማለት ሁለት ፈንገሶች አንዱ የሌላውን መልክ ይዘው፣ በአንድ ቅጠል ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነበር፤ አንደኛው በሽታ አምጪ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተክሉን ሳይጎዳ በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ የሚኖር፣ በሙያው አጠራር ኢንዶፋይት የሚባል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከቅጠል በተገኘ ፈንገስ ላይ ብቻ ተመሥርቶ በሽታው በዚህ ወይም በዚያ አገር አለ ተብሎ የተጻፈው መዝገብ ሁሉ በአንድ ጊዜ አጠራጣሪ ሆነ።

በ1973 ኔዘርላንዳዊው ቫን ደር አ በባርን ከተማ በነበረው የፈንገስ ስብስብ ማዕከል ሆኖ ፊሎስቲክታ ስለተባለው ወገን ባሳተመው ሰፊ ጥናት የማክአልፓይንን ፈንገስ ከፎማ አውጥቶ ፊሎስቲክታ ሲትሪካርፓ አለው። ውሳኔው ያረፈው በስፖሩ መልክ ላይ ነው፤ የፊሎስቲክታ ስፖር ርዝመቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ያህል ሆኖ፣ ዙሪያው በስስ የሚያጣብቅ ሽፋን የተከበበና በአንድ ጫፉ ላይ ቀጭን ጅራት መሰል ተቀጥላ ያለው ነው። ከሰባ ዓመት በፊት በደረቀ ልጣጭ ላይ እንኳ እነዚህን ስፖሮች በውኃ አርሶ በማጉያ መነጽር ማየት ይቻላል፤ ስለዚህ አንድ ሊቅ አዲስ መለያ ባገኘ ጊዜ አሮጌውን ናሙና በአዲሱ መለያ ሊመዝነው ይችላል።

ክርክሩ የስም ብቻ ሆኖ አልቀረም። በሽታው በ1980ዎቹ በብራዚል በሪዮ ዴ ጃኔሮ ግዛት ጎልቶ ታየ፣ በ1992ም የዓለም ታላቁ የብርቱካን ጭማቂ አምራች ወደሆነው ወደ ሳኦ ፓውሎ ግዛት ደረሰ። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በሽታው በሜዲትራኒያን ዳርቻ እርሻዎቹ እንዳይገባ በመስጋት የታመመ ፍሬ እንዳይገባ የሚከለክል የኳራንቲን ሕግ፣ ማለትም በሽታ ወደ አገር እንዳይገባ የሚደረግ የቁጥጥር ደንብ፣ ያጸና ነበር። እንዲህ ባለ ሕግ ሥር አንድ አገር በሽታው አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ የብዙ ሺህ ቤተሰቦች ኑሮ የተንጠለጠለበት ጥያቄ ይሆናል፤ ከጤነኛ ቅጠል ተለይቶ በተሳሳተ ስም የተጻፈ አንድ መዝገብም የአንድን አገር ገበያ ሊዘጋ ይችላል።

ማኮኒ ያነሣው ጥርጣሬ በዘረ መል ምርመራ መልስ ያገኘው በ2002 ነው። ባየንና ባልደረቦቹ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡትን ፈንገሶች ሲያነጻጽሩ፣ በሽታ የማያመጣው ቡድን የተለየ ዝርያ መሆኑንና በዓለም ዙሪያ በብዙ እንጨታማ ተክሎች ውስጥ እንደሚኖር አረጋገጡ። ይህ ዝርያ በኋላ ፊሎስቲክታ ካፒታሌንሲስ በሚል ስም የጸና ሲሆን፣ ስሙም በ1908 የወጣው ከብራዚል በመጣ የኦርኪድ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ለመለየት የሚያገለግሉ የሚታዩ ምልክቶችንም አቀረቡ፤ በአጃ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ሲያድግ በሽታ አምጪው ዝግ ብሎ እያደገ በዙሪያው ቢጫ ቀለም ይለቃል፣ ኢንዶፋይቱ ግን ፈጥኖ ያድጋል፣ የስፖሩም ሽፋን ወፈር ይላል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ በኒው ዚላንድ ቀድሞ በበሽታ አምጪው ስም ተመዝግቦ የቆየ ናሙና በዚሁ መንገድ ተመርምሮ ጉዳት የሌለው ፈንገስ ሆኖ ተገኘ፤ ናሙናው ባይቀመጥ ኖሮ ግን ስህተቱን ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ አይኖርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት አንዱን ስም ወደ ብዙ ዝርያዎች የከፈሉ ሆኑ። በ2009 ከእስያ በመጣ ፖሜሎ በተባለ ትልቅ ፍሬ ላይ የተገኘው ፈንገስ ፊሎስቲክታ ሲትሪአሲያና ተብሎ ተለየ፤ በ2012 ደግሞ ከቻይና ሌላ ዝርያ ተጨመረ። በ2011 በግሊንኬና በባልደረቦችዋ ለታተመው ጥናት ትልቁ ችግር የማክአልፓይን ዘመን ናሙና ደርቆ የሞተ በመሆኑ ሕያው ፈንገስ ሊያድግበት አለመቻሉ ነበር፤ ስለዚህ ከአውስትራሊያ ከተገኘ አዲስ ናሙና ሕያው ዘር የሚገኝበት አጋዥ መሠረት፣ ኤፒታይፕ የሚባለው፣ ተመረጠለት። ኤፒታይፕ አሮጌውን አይተካም፤ አሮጌው ብቻውን ሊመልሰው ያልቻለውን ጥያቄ እየመለሰ ከጎኑ ይቆማል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የዓለም የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ አንድ ፈንገስ ሁለት ስም ሊኖረው የሚችልበትን ሥርዓት ሻረ፤ ፎማ፣ ጊኛርዲያና ፊሎስቲክታ ተብለው የተመዘገቡት ናሙናዎችም በፊሎስቲክታ ሲትሪካርፓ ስም ተጠቃለሉ። ጉባኤው የተካሄደው በሜልቦርን ነበር፤ የፈንገሱ የመጀመሪያ ስም በታተመበት ከተማ፣ ከ112 ዓመት በኋላ።

በሽታው ግን ጉዞውን አላቆመም። በ2010 በአሜሪካ ፍሎሪዳ በቫሌንሲያ ብርቱካን ላይ ታየ፤ የዘረ መል ጥናትም በዚያ ያለው ፈንገስ ከሁለቱ የመራቢያ ጾታዎች አንዱን ብቻ የያዘ፣ ስለዚህም በሩካቤ የማይባዛ መሆኑን አሳየ። በ2017 ደግሞ ጓርናቺያና ባልደረቦቹ በጣሊያን፣ በማልታና በፖርቱጋል ከዛፍ ሥር ከረገፉ ቅጠሎች በሽታ አምጪውን ፈንገስ ማግኘታቸውን አስታወቁ፣ በዛፎቹ ፍሬ ላይ ግን የበሽታው ምልክት አልታየም። የፈንገሱ መገኘትና የበሽታው መከሰት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በዚህ እንደገና ግልጽ ሆነ፤ ክርክሩም በሚያዝያ 2024 ደቡብ አፍሪካ ስለ ጥቁር ነጠብጣብ ቁጥጥር ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያላትን አለመግባባት ወደ ዓለም የንግድ ድርጅት እስከመውሰድ ደረሰ።

የደረቁ ናሙናዎች ደግሞ በዚህ ዘመን አዲስ አንደበት አግኝተዋል። በ2021 የታተመ ጥናት በ1937 በሞሪሸስ ከተሰበሰበ የሲትረስ ናሙና የካንከርን ባክቴሪያ ዘረ መል ሙሉ በሙሉ ማንበብ እንደሚቻል አሳይቷል። ዘረ መሉ በዕድሜ ብዛት ወደ አጫጭር ቁርጥራጮች ይበጣጠሳል፣ ከሌሎች ፍጥረታትም ዘረ መል ጋር ይደባለቃል፤ ሆኖም ቁርጥራጮቹ በጥንቃቄ ሲገጣጠሙ የበሽታው ዘሮች መቼ እንደተለያዩ ለመገመት ያስችላሉ። ይህ መንገድ ለፈንገሶችም ክፍት ነው፤ ቀድሞ የተሰበሰቡት ልጣጮች የጥቁር ነጠብጣብን ጥንታዊ ጉዞ ሊመሰክሩ የሚችሉት ግን በመጀመሪያ ከእሳት፣ ከውኃ፣ ከነፍሳትና ከቸልታ ከተጠበቁ ነው።

የናሙና መዝገቦች ዛሬ ወደ ኮምፒዩተር እየተገለበጡ ከየትም አገር የሚነበቡ ሆነዋል፤ ይህ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን በኮምፒዩተር ላይ የሚታየው መስመር የሚያሳየው ፖስታው ላይ የተጻፈውን ስም ነው፤ ስሙ ማኮኒ ከመምጣቱ በፊት የተጻፈ ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ፈንገስ የትኛው መሆኑን የሚያውቀው ፖስታውን የከፈተው ሰው ብቻ ነው። ከቤንሰን ዘገባ እስከ ዛሬ ባለው ከ120 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ይህን ፈንገስ ያጠኑት ሰዎች በስሙ፣ በወገኑና በአገሩ ላይ ሲሳሳቱና ሲታረሙ ኖረዋል፤ እርስ በርስ ሊተራረሙ የቻሉት አንዱ ያየውን ሌላው እንደገና ማየት ስለቻለ ነው። ስለሆነም ዛሬ በእርሻ ላይ የታመመ ፍሬ የሚያገኝ ባለሙያ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከመሄድ አልፎ ልጣጩን ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ ሊያስቀምጥ ይገባዋል፤ እርሱ የሚሰጠው ስም ነገ ሊሻር ይችላል፣ የሚሽረው ሰው ግን ከዚያው ፖስታ በቀር ሌላ መነሻ አይኖረውም።